ከፍርሃት የተወለደው ጁዶ፦ ጀማሪን ወደ ማርሻል አርት የሚስበው ምንድን ነው?

ማርሻል አርት የሚማር ጓደኛ ካላችሁ እስቲ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «የመጀመሪያ ቀን ለምን ሄድክ?» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ «ለጤና ነው»፣ «ለስፖርት ነው» ይላችኋል። ትንሽ ስትገፉት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አንዱ ሰፈር ውስጥ የሚያስቸግረው ልጅ ነበር። አንዱ ፊልም አይቶ ነው። አንዷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱ ጭር ስለሚልባት ነው። አንዱ ደግሞ ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ ሄዶ እዚያው ቀረ።

እኔም ስጠየቅ «ለስፖርት» እል ነበር። ውሸቴን ነው። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ከክፍላችን አጭሩ እኔ ነበርኩ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ግዙፍ ልጅ በየእረፍቱ መጥቶ ምሳ ዕቃዬን ይከፍትና ደስ ያለውን አንስቶ ይሄዳል። ለማንም አልተናገርኩም። በቃ፣ አንድ ቀን እጥለዋለሁ ብዬ ነው ቴኳንዶ ቤት የገባሁት።

ይቺን ምክንያት ለዓመታት ሳፍርባት ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምህንድስና ስማር፣ አንድ ቀን ስለ ሚዛንና ስለ ስበት ማዕከል ምሳሌ ፍለጋ የጁዶን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የጁዶ መሥራች ራሱ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ኖሯል! እሱ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ሰው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳኬ ጠማቂዎቹ ልጅ

ጂጎሮ ካኖ የተወለደው በ1860 በጃፓን፣ ኮቤ ከተማ አጠገብ ባለችው ሚካጌ ነው። ቤተሰቡ ሳኬ የተባለውን፣ ከሩዝ የሚጠመቀውን መጠጥ በማምረት የታወቀ ሀብታም ቤተሰብ ነበር። እናቱ በልጅነቱ ሞተችበትና አባቱ ወደ ቶኪዮ ወሰደው።

ዘመኑ ጃፓን የተገለባበጠችበት ዘመን ነው። በ1868 የሾጉኖቹ አገዛዝ አክትሞ የሜይጂ መንግሥት ተተካ። ባቡር፣ ቴሌግራፍ፣ የምዕራባውያን ልብስ፣ የምዕራባውያን ትምህርት ተግተልትሎ ገባ። ሳሙራይ የሚባሉት ባለ ሰይፍ መደቦች ማዕረጋቸውን አጡ፤ በ1876 ደግሞ ሰይፍ ታጥቆ መንገድ ላይ መውጣት ተከለከለ። ከሳሙራዮቹ ጋር አብሮ የኖረው ጁጁትሱ የሚባለው የባዶ እጅ ፍልሚያም ወደቀ። ሰዉ «ያለፈበት ነገር ነው፣ የኋላ ቀሮች ነው» ይለው ጀመር።

ካኖ በ14 ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱ የሚሰጠው በውጭ ቋንቋ ነው። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ችግሩ ሰውነቱ ነው፤ ትንሽና ደካማ። አድጎ እንኳ ቁመቱ 1 ሜትር ከ58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሆነው። አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጉልበተኛ ካለ ማምለጫ የለም፣ ማታም እዚያው ነው። ካኖን ይገፉት፣ ይመቱት፣ ያሾፉበት ነበር። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ጁጁትሱ ለመማር ያሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ትንሽ ሰው ትልቁን ሊጥል የሚችልበት ጥበብ እንዳለ ሰምቶ ነበር።

ልብ በሉ። «ባህሌን ለማዳን» አላለም፤ «መንፈሴን ለማነጽ» አላለም። መመታት ሰልችቶት ነው።

መምህር ፍለጋ ወጌሻ ቤት

መምህር ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። የአባቱ ወዳጅ የሆነ፣ ጁጁትሱ የሚያውቅ የቀድሞ የሾጉን አገልጋይ ነበር። ካኖ «አስተምረኝ» ብሎ ለመነው፤ ሰውየው አንዳንድ ነገር አሳየው እንጂ ሊያስተምረው አልፈለገም። አባቱም «በዚህ ዘመን ምን ይጠቅምሃል?» አሉት። የጠየቃቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር።

ልጁ ታዲያ አንድ ብልሃት መጣለት። የጁጁትሱ መምህራን ተማሪ ሲያጡ በምን ይተዳደሩ ነበር መሰላችሁ? በወጌሻነት! ሲታገሉ የወለቀ ትከሻና የተሰበረ አጥንት ሲመልሱ ስለኖሩ ሙያውን ያውቁታል። ስለዚህ ካኖ በቶኪዮ መንገዶች እየተዘዋወረ የወጌሻ ቤት ባየ ቁጥር ገብቶ «ጁጁትሱ ያውቃሉ ወይ?» ማለት ጀመረ። በዚህ መንገድ ነው በ1877፣ ገና ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት፣ ሃቺኖሱኬ ፉኩዳ የተባሉትን መምህር ያገኘው። የፉኩዳ መለማመጃ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ተማሪዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ይህን ክፍል የምወደው ለዚህ ነው፦ የሰበረውን መልሶ የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄዶ ነው ፍልሚያ የተማረው።

መልሱ «ና!» ነበር

አንድ ቀን ፉኩዳ ካኖን በአንድ ዘዴ መሬት ላይ አነጠፉት። ካኖ ተነሣና «እጄን እንዴት ላድርግ? እግሬንስ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ «ና!» አሉትና እንደገና ጣሉት። ተነሥቶ አሁንም «እንዴት ነው የሚሠራው?» አለ። «ና!» አሉትና ሦስተኛ ጊዜ ጣሉት። ጁጁትሱ በማብራሪያ አይገባህም፣ ደጋግመህ ስትወድቅ ሰውነትህ ራሱ ይይዘዋል ማለታቸው ነው።

የድሮ ትምህርት እንዲህ ነበር። ካኖ ደጋግሞ ወደቀ። ሰውነቱ ተላላጠ፤ ቅባት ተለጥፎበት ነው የሚውለው። የተቀዳደደና በመርፌ የተጣጣፈ የልምምድ ልብሱ እስከ ዛሬ ድረስ ቶኪዮ በሚገኘው የጁዶ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። «እንዴት?» የሚለውን ጥያቄ ግን አልተወውም።

በዚያች መለማመጃ ውስጥ ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ተማሪ ነበር። ካኖ በምንም ዘዴ ሊጥለው አልቻለም። አሁን ተመልከቱት፦ ከትምህርት ቤት ጉልበተኞች ሸሽቶ መጥቶ፣ እዚህም ትልቅ ልጅ ጠበቀው። ምን አደረገ? መጀመሪያ የሱሞ ታጋዮችን ዘዴ ጠየቀ፤ አልሠራለትም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስለ ምዕራባውያን ትግል የተጻፉ መጻሕፍትን አገላበጠ። እዚያ ውስጥ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ከተጋጣሚህ ሥር ዝቅ ብለህ ገብተህ፣ እንደ ኩንታል ጤፍ በትከሻህ ላይ አጋድመህ አንሥተህ መጣል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተለማመደውና ፉኩሺማን ጣለው። ዘዴው ዛሬ በጁዶ ውስጥ ካታ ጉሩማ ይባላል፤ «የትከሻ መንኮራኩር» ማለት ነው።

እኔ እንደ መሐንዲስ ሳየው የካኖ ታሪክ የታጠፈው እዚህ ጋ ነው። ፍርሃት ይዞት የገባው ልጅ ፉኩሺማን የሚያየው እንደ ጠላት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሆነ። መፈታት ያለበት ጥያቄ!

አሥር ሲቀነስ ሰባት

ለመሆኑ ትንሽ ሰው ትልቁን መጣሉ ከፊዚክስ ጋር ይስማማል ወይ? በከፊል አዎ። እስቲ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ። ተረከዛችሁንና ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ ቁሙ። ከዚያ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ጎንበስ ብላችሁ የጫማችሁን ጫፍ ለመንካት ሞክሩ። ወደ ፊት ልትደፉ ነው አይደል? ማንም አልገፋችሁም። ምን ያህል ብርቱ ብትሆኑም ለውጥ የለውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሰውነታችን ክብደት ሁሉ እንደተሰበሰበበት አድርገን የምናስበው አንድ ነጥብ አለ፤ የስበት ማዕከል ይባላል። ቀጥ ብለን ስንቆም ከእምብርታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዚህ ነጥብ ቀጥታ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር በሁለቱ እግሮቻችን መካከልና ሥር ባለው ቦታ ውስጥ እስካረፈ ድረስ አንወድቅም። ከዚያ ቦታ ከወጣ ግን እንወድቃለን። በሌላ ጊዜ ጎንበስ ስንል ሳናስበው ዳሌያችንን ወደ ኋላ ገፍተን ሚዛናችንን እንጠብቃለን፤ ግድግዳው ይህን ስለከለከለን ነው የምንደፋው።

እንግዲህ አንድ ግዙፍ ሰው ሲገፋችሁ የራሱን የስበት ማዕከል ወደ ፊት እየላከ ነው። ካኖ በኋላ ንግግር ሲያደርግ ነገሩን በቁጥር ያስረዳ ነበር። የተጋጣሚዬ ጉልበት 10 ነው እንበል፣ የእኔ 7። ሲገፋኝ በሙሉ ኃይሌ ብቋቋመው 10 ከ7 ይበልጣልና እሸነፋለሁ። ባልቋቋመውና በገፋኝ ልክ ወደ ኋላ ሸሸት ብልለትስ? የሚደገፍበት አጥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት ሚዛኑን ስለሳተ ከ10 ጉልበቱ ሊጠቀምበት የሚችለው ምናልባት 3 ብቻ ነው። እኔ ግን ቆሜያለሁ፤ 7ቱም አለኝ። የ7 ግማሹ 3 ተኩል ብቻ ይበቃኛል ማለት ነው።

አጭር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። የስበት ማዕከሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከረጅሙ ሰው ማዕከል ሥር ገብቶ ዳሌውን እንደ መፈንቀያ መጠቀም ይቀለዋል። ትልቅ ድንጋይ በዲጂኖ ስትፈነቅሉ ዲጂኖውን ከሥር እንደምታስገቡት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለካኖ በአንድ ቀን አልተገለጠለትም። በ1885 ገደማ፣ ሦስተኛው መምህሩ ከነበሩት ኢኩቦ ጋር ሲለማመድ፣ ከዚያ በፊት እንደፈለጉ ይጥሉት የነበሩትን ሰው ደጋግሞ ጣላቸው። መምህሩ ተገርመው «ምን አግኝተህ ነው?» ሲሉት፣ የሰውን ሚዛን ካዛቡ በኋላ ነው መጣል ያለ አላቸው። መምህሩም ከእንግዲህ የማስተምርህ የለኝም አሉት። ካኖ ይህን ሚዛን የማዛባት ነገር የትምህርቱ የመጀመሪያ ደረጃ አድርጎ አስቀመጠው፤ በጃፓንኛ ኩዙሺ ይባላል። ፉኩዳ በ«ና!» ያለፉት ጥያቄ መልስ አገኘ።

12 ምንጣፍና 9 ተማሪ

ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1882፣ ካኖ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት ነው። ቦታው ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ሲሆን ስሙን ኮዶካን አለው። የመለማመጃው ስፋት 12 ታታሚ፣ ማለትም ወደ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከአንድ የሳሎን ቤት አይበልጥም። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች 9 ነበሩ። ጁጁትሱ የሚለውን ስም ትቶ ጁዶ አለው። «ጁትሱ» ዘዴ ማለት ሲሆን «ዶ» ደግሞ መንገድ ማለት ነው።

ልጆቹ ሲወዳደቁ የቤተ መቅደሱ ወለል ይሰነጠቅ ነበር። ካኖ ማታ ፋኖስ ይዞ ወለሉ ሥር እየገባ የተሰበረውን እንጨት ይጠግን እንደነበር ይነገራል። ለመተዳደሪያም ያስተምርና ጽሑፍ ይተረጉም ነበር። አያችሁ፣ ያ የተገፋ ልጅ አድጎ ሌሎች ልጆች በደህና የሚወድቁበትን ወለል ይጠግናል።

ለመጣል የመጡት ተማሪዎች መጀመሪያ የሚማሩት ደግሞ መጣል አልነበረም። መውደቅ ነው! ዛሬም በየትኛውም የጁዶ ቤት ጀማሪ የሚጀምረው በዚሁ ነው፤ ኡኬሚ ይባላል። አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ጀርባን እንደ ኳስ አጉብጦ፣ ክንድን ዘርግቶ ምንጣፉን መምታት።

ለምን እንደሚጠቅም በቀላል ስሌት እንየው። ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው። ይህ ፍጥነት በ0.01 ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ከሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰውነት ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ወደ 26,000 ኒውተን ይጠጋል። ተንከባሎ ያንኑ ፍጥነት በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ካበረደው ግን ኃይሉ ወደ 2,600 ኒውተን ይወርዳል። አሥር እጥፍ ልዩነት! በዚያ ላይ ክንድና ጀርባ ተዘርግተው ሲያርፉ ኃይሉ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። የመኪና የአየር ከረጢት የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ጊዜውን ማርዘም፣ ቦታውን ማስፋት።

ፍርሃት ይዞት ለመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ከምንም በላይ የሚፈራው መሬት ላይ መውደቅን ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሺህ ጊዜ ይወድቃል፤ ሺህ ጊዜ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚገፋው ልጅ ሲመጣ የሚያስፈራራበት ነገር ግማሹ ጠፍቷል።

የታመመው ልጅና ፊልሙ

ሁሉም ግን በጉልበተኛ ምክንያት አይመጣም። ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ዋናው ጃፓን ካስገቡት ሰዎች ዋነኛው ጊቺን ፉናኮሺ ነው። በ1868 ተወለደ፤ ሲወለድ ጊዜው ያልደረሰና ደካማ ስለነበር ቤተሰቡ ብዙ አይኖርም ብሎ ነበር። ካራቴ የጀመረው ሰውነቱ እንዲበረታ ነው። በ1922 ቶኪዮ መጥቶ ካራቴን ሲያሳይ፣ ኮዶካን ጋብዞ ያስተናገደው ማን መሰላችሁ? ካኖ ነው። በድብደባ ምክንያት የጀመረውና በሕመም ምክንያት የጀመረው ተገናኙ። «ብዙ አይኖርም» የተባለው ፉናኮሺ የሞተው በ1957፣ ሰማንያውን አጋምሶ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሦስተኛው በር ተከፈተ፤ ፊልም። ብሩስ ሊ በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ሆንግ ኮንግ አደገ። በጉርምስናው መንገድ ላይ ሲደባደብ ቆይቶ ነው ኢፕ ማን ከተባሉት መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ዓይነት መማር የጀመረው። በሐምሌ 1973፣ በ32 ዓመቱ ሞተ፤ «ኤንተር ዘ ድራጎን» የተባለው ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለተመልካች የቀረበው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያ ቀጭን ሰው ብዙ ሰዎችን ብቻውን ሲያነጥፍ ያየ ወጣት ሁሉ በየአገሩ ማሠልጠኛ ፍለጋ ወጣ።

የእኛም አገር ከዚህ አልቀረም። እኔ ባደግኩበት ከተማ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከውጭ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ዛሬ አሪፍ ካራቴ» ተብሎ ይጻፋል። ኩንግ ፉም ይሁን ሌላ ለእኛ ሁሉም «ካራቴ» ነው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን እንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን እናያለን፤ ስንወጣ ሁላችንም እግራችን አየር ላይ ነው፤ ካልቾና ጠረባ በየአጥሩ ሥር። የአብዛኞቹን ፊልሞች ታሪክ ብታስተውሉት ግን የካኖ ታሪክ ነው፤ ደካማ ልጅ ይመታል፣ መምህር ፍለጋ ይሄዳል፣ ይሠለጥናል፣ ይመለሳል። ፊልሙ የሚዘለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥልጠናው ስክሪን ላይ አምስት ደቂቃ፣ ሕይወት ውስጥ አምስት ዓመት ነው።

ትልቁ ሲያሸንፍ

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ እናንተንም እኔንም እንደሸወደው ፊልም መሆኔ ነው። ብልሃት ሁልጊዜ ጉልበትን አያሸንፍም።

ካኖ በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። በ1938 ካይሮ ላይ በተደረገው የኮሚቴው ስብሰባ ተሳትፎ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። ጁዶ ኦሊምፒክ ሲገባ አላየም። የገባው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። እኛ ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው አበበ ቢቂላ በጥቅምት 21 ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እዚያው ከተማ፣ ጃፓናውያን ልባቸው ተሰቅሎ የክብደት ገደብ የሌለበትን የጁዶ ፍጻሜ ተመለከቱ። የእነሱ ሰው አኪዮ ካሚናጋ፣ ተጋጣሚው ሆላንዳዊው አንቶን ኸሲንክ፤ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ። ኸሲንክ ምንጣፉ ላይ አጣብቆ ይዞት አሸነፈ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኸሲንክ ትልቅ ብቻ አልነበረም፤ ብልሃቱንም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። 10 ጉልበት ያለው ሰው ሚዛኑን መጠበቅ ከተማረ፣ 7 ያለው ሰው ከባድ ችግር ውስጥ ነው። የክብደት ምድቦች የተፈጠሩትም ለዚህ ነው። ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ፣ ሰሎሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ የተወዳደረው ከ58 ኪሎ በታች በሆነው ምድብ ነው። በዚያ ምድብ ትንሽ መሆን ነውር አይደለም፤ መግቢያ ትኬት ነው።

ከ1964ቱ ፍጻሜ የማይረሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ኸሲንክ እንዳሸነፈ ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ለተሸናፊው ክብር ሲል ነው። ካኖ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የሚናገረው መርሕ ነበር፦ ራስህም ሌላውም አብራችሁ ልማ፤ በጃፓንኛ ጂታ ክዮኤይ። የሆላንዱ ግዙፍ ሰው ይህንን ገብቶት ነበር።

የእኔ ነገር

ለእኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቴኳንዶ ቤት የገባሁ ሰሞን በሦስተኛው ወር፣ አንድ ከእኔ ሁለት ክፍል በታች የሆነ ልጅ ኳሳችንን ይዞ ሲሮጥ ተከትዬ በእግሬ ጎኑን መታሁት። ወደቀ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሠራ! ከዚያ ፊቱን አየሁት። ያ ፊት በየእረፍቱ የእኔ ፊት ነበር። የምሳ ዕቃዬ ጌታ ከእኔ ውስጥ ወጣ።

ወሬው ማስተራችን ጋ ደረሰ። አልጮሁብኝም፣ አላባረሩኝም። ለሁለት ወር ከትንንሾቹ ልጆች ጋር አቆሙኝና ሥራዬ ለእነሱ የመለማመጃ ትራስ መያዝ ብቻ ሆነ። እነሱ ይረግጣሉ፤ እኔ እይዛለሁ። «እጅህ ከፍ ይበል፣ እንዳይጎዱ» ነበር የሚሉኝ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ፤ ልጁ የቆመበትን እግር ትንሽ ሲያዞር ምቱ ይከብዳል፣ ሳያዞር ይቀላል። ለምን? ይቺ «ለምን» ናት ኋላ ምህንድስና ያስመረጠችኝ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ምሳዬን የሚወስደው ልጅስ? ቢጫ ቀበቶ ሳላስር ቤተሰቦቹ ሌላ ከተማ ገቡ። አንድም ቀን አልተጋጠምንም። እኔ ግን በሚቀጥለውም ሰኞ ክለብ ሄድኩ።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል መጀመር የሚፈልግ ካለ፣ ትልቅ ምክንያት እስኪመጣ አይጠብቅ። ፈርታችሁም ከሆነ፣ ፊልም አይታችሁም ከሆነ፣ ጤና አጥታችሁም ከሆነ በሩ ያው ነው። ስትመርጡ ግን አስተማሪውን እዩ፤ ከመጣል በፊት መውደቅን የሚያስተምር፣ ትንሹን ከትልቁ ጋር ሲያጋጥም የሚጠነቀቅ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በጀርባችሁ ወድቃችሁ ጣሪያውን ስታዩ፣ ተነሡና የካኖን ጥያቄ ጠይቁ፦ «እንዴት ነው የሚሠራው?» መልሱ «ና!» ከሆነም ሂዱ፣ ወድቃችሁ ተነሡና እንደገና ጠይቁ።